አፍሪካ ከተራመደች የኔ ቡና ምን አገደው?

ኅዳር ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.፣ ዲጋ
ለወረዳችን የመሬት ልኬታ ባለሙያ ለተከበሩ ጓድ ማዘንጊያ

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ይልቁንም ከውስጧ ወርደው የማያውቁት መኪናዎ ደኅና ሰነበተች? እኔ ጨመዳ ደረሳ፣ በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል በሦስት ቀን ፊደል ለይቼ በአራተኛው ቀን ጋዜጣ ያነበብኩ ብቸኛው የወለጋ ገበሬ ነኝ። እሺ፣ ሦስት ወር ይሁን፤ ጋዜጣውንም ያነበበችልን መምህርታችን ሐረግወይን ናት። ገጹን የያዝኩላት ግን እኔ ነኝ።

እንደሚያውቁት ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲበረታ ከቤቴ በታች ያለው ተዳፋት፣ አጥሬንና ዐሥራ አንድ ቡናዎቼን እንደቆሙ ይዞ፣ ወደ ጎረቤቴ ወደ ገቢሳ ማሳ ስድስት እርምጃ ተንሸራተተ። ገቢሳም «መሬቴን ገፋ» ብሎ ከሰሰኝ፤ በገበያ መሐል ሳይቀር «ኦቦ ጨመዳ፣ አጥርህ እግር አወጣ እንዴ?» እያለ ያስቅብኛል። እርስዎ መጥተው «መሬት አይራመድም» ብለው ስለጻፉ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ የፊታችን ዓርብ ቡናዎቼን ለእሱ ሊሰጥብኝ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ቅሬታዬን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ/ ጭቃ እንዳይነካዎ ከመኪናዎ ሳይወርዱ፣ መስኮቱንም ሳይከፍቱ መሬቴን ስለለኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጋዜጣው እንደሚለው ግን ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞር ሳተላይት አለ፤ ራዳር የሚባል ዓይን የማያየው ጨረር ወደ ምድር ልኮ፣ ነጥሮ ሲመለስ እየተቀበለ፣ ጉብታውንና ጎድጓዳውን ይሥላል። እሱ ከሰማይ ያየውን እርስዎ ከዐሥር እርምጃ ስላላዩ፣ ለዓይንዎ እጅግ አዝኛለሁ።

፪ኛ/ ደግሞ ሌዘር የሚሉት ቀጭን ብርሃን አለ። ከምድር ወደ ሳተላይት ተልኮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥረው ርቀት ይለኩበታል፤ በዚህም አህጉራት በየዓመቱ ጥቂት ጣት ያህል እንደሚሄዱ ደርሰውበታል። እንግዲህ አፍሪካ ነቀምቴንም ዲጋንም የእርስዎንም ወንበር ተሸክማ ከተራመደች፣ የኔ ቡና ምን አገደው? እርስዎ በዚያ ወንበር ላይ ሳሉ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አይተው ስለማያውቁ መጠራጠርዎ አይፈረድበትም።

፫ኛ/ ይህን ባለቤቴ ወሰኔ እንዳትጽፈው ስላለችኝ አልጻፍኩትም። ነገሩ የልኬታው ዕለት ገቢሳ ቤት ስለበሉት ዶሮ ነው።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ድረስ ወይ ለሳተላይቱ ባለቤቶች ጽፈው ከክረምቱ በፊትና በኋላ የታየውን ያስተያዩልኝ፣ ወይ ደግሞ፣ ይህ ከባድ መሆኑን ባውቅም፣ ጫማዎን አውልቀው ስድስት እርምጃ ይራመዱልኝ።

መሬቴ ቢንሸራተትም ከማይንሸራተት አክብሮት ጋር፣
ትሑት ተለኪዎ ጨመዳ ደረሳ
(ፊርማዬ ነው፤ ጣቴን ቀለም መንከር ትቻለሁ)

ማስታወሻ፦ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። መሬቱ የተራመደው አምስት እርምጃ ነው። ስድስተኛዋን፣ የገቢሳ አንዲት ቡና ፍሬዋ ቀልቶ ስታስጎመጀኝ፣ አጥሩን ነቅዬ ያራመድኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳያየኝም ደመናው መሬት የነካበትን ቀን መረጥኩ። በሳምንቱ ሐረግወይን ራዳር በደመና ውስጥም አልፎ ያያል ብላ አነበበችልን፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ አቃተኝ። ከዐሥራ አንዱ ያቺን ቡና እመልሳለሁ፤ የቀሩት ዐሥሩ ግን የኔ ናቸው። የተናዘዝኩት እርስዎን ፈርቼ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎማ በጠራ ፀሐይም አያዩም።