እስከ ኖቬምበር 21

ሴፕቴምበር 23
ዝናብ። ምሳዬን አውቶቡስ ላይ ረስቼው ወረድኩ። ሚስተር ሜብሪ የሳንድዊቻቸውን ግማሽ ሰጡኝ። «አትግደርደሪ! ሆድሽ እየጮኸ እንዴት ላነብልሽ ነው?»
ዘንድሮም ኮንግረስ የዓመቱን በጀት አላደረሰም። የአሮጌው በጀት ዕድሜ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ስለዚህ ያው እንደለመደው፣ «እንደ አምናው ይቀጥል» የሚል ጊዜያዊ አዋጅ። ካልጸደቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በራቸውን ዘጉ ማለት ነው። ለእርማት ሐሙስ እኛ ማተሚያ ቤት ይደርሳል አሉ።

ሴፕቴምበር 25
ምን እንደምጽፍ አላውቅም።
እንደ ሁልጊዜው እሳቸው ዋናውን ረቂቅ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ የታተመውን በጣቴ እከተላለሁ። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ይነበባል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። ዛሬም አንዴ እንኳ አልተደናቀፉም። አዋጁ የሚያበቃበት ቀን ላይ ስንደርስ «እስከ ማርች 14» አሉ።
የእኔ ወረቀት ኖቬምበር 21 ይላል።
«እስቲ ይድገሙልኝ።»
«ማርች 14። ጆሮሽ ደከመ እንዴ ኦዴሳ?»
ተነስቼ ወረቀታቸውን አየሁት። ኖቬምበር 21 ነው የሚለው። ማርች 14 ያለፈው ጊዜያዊ አዋጅ ቀን ነበር... አዋጁ ከቀኑ በቀር ሁልጊዜ አንድ ነው። በቃላቸው ነበር የሚያነቡት! ለካ አያዩም።
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከፋሲካ። ሌላውን በማጉያ መስታወት እየታገልኩ ነው። ይሄንንማ አውቀዋለሁ ብዬ...»
«ሐኪምስ?»
«ቀጠሮ ነበረኝ። አራዘምኩት።»
«ስንት ጊዜ?»
ሦስት ጣት አሳዩኝ።
አዋጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻዬን አመሳከርኩ።

ሴፕቴምበር 26
ለአለቃችን ለሚስ ኮል ልንገር? መንገር ነበረብኝ። ግን ባሌ የሞተ ሰሞን መስመር እየጠፋኝ ስቸገር ማን ነበር ደጋግሞ ያነበበልኝ? «ምን ሆነሻል» እንኳ ብለውኝ አያውቁም። ዝም ብለው ይደግሙ ነበር።

ሴፕቴምበር 30
ጸደቀ፣ ተፈረመ። ነገ ሥራ አለ።
ምሳ ላይ ነገርኳቸው። «እኔም ጊዜያዊ አዋጅ አውጥቻለሁ። እስከ ኖቬምበር 21 ዝም እላለሁ። እስከዚያ ማንበቡ የእኔ፣ ሐኪም ዘንድ መሄዱ የእርስዎ።»
«ካልሄድኩስ?»
«ለሚስ ኮል እነግራለሁ።»
ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ኦክቶበር 17
አልሄዱም። «የሚመጣው ሳምንት» አሉኝ። «እርስዎ ከኮንግረስ በምን ይሻላሉ?» አልኳቸው። ተቆጡ። «ያረጀሁት እኔ! የሚጠፋው ዓይን የእኔ! አንቺን ምን አገባሽ?»
ምን አገባኝ? እውነት ምን አገባኝ... ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ከማመሳከር የእኔም ዓይን ቀልቷል።

ኖቬምበር 4
ከዚያ ወዲህ ከሥራ በቀር አልተነጋገርንም። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ግማሽ ሳንድዊች። ከሥሩ ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል፣ ጠማማ ጽሑፍ፦ «ኖቬምበር 12 ነው ቀጠሮው። ብቻዬን እፈራለሁ።»

ኖቬምበር 12
አብሬያቸው ገባሁ። የግራው ዓይን አልቆለታል። የቀኙ በየወሩ መርፌ ይፈልጋል። «ይድናል?» አልኩ፣ እሳቸው ሳይጠይቁ። ሐኪሟ «አይድንም። ባለበት እንዲቆይ ግን እንሞክራለን» አለች።
መኪና ውስጥ እጄን ያዙኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው። በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ። ግን አላስለቀቅኋቸውም።
«ሚስተር ሜብሪ ማለቱን ተዪው አሁን። ታዲየስ በይኝ። አንተ በይኝ።»
«አፌ አይለምድልኝም።»
«አንብቢው ደጋግመሽ።»

ኖቬምበር 14
ለሚስ ኮል ራሳቸው ነገሯት፣ እኔ ዝም ማለቴንም ጭምር። ማርች 14 ያሉትንም አልደበቁም። ለእኔ ተግሣጽ በጽሑፍ... የሚገባኝ ነው። እሳቸው በሳምንቱ ጡረታ። ወጥተው «ቀለለኝ» አሉ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኖቬምበር 19
በጀቱ ዛሬም የለም። ሌላ ጊዜያዊ አዋጅ መጣ። አንባቢዋ ሚስ ኮል፣ ተከታይዋ እኔ። ታዲየስ ዕቃውን ሊሰበስብ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
«አንድ መስመር ዘለልሽ» አላት በመሐል። እኔ እንኳ ገና ላስቆማት ጣቴን አላነሳሁም ነበር። እውነትም ዘላለች! ሚስ ኮል ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።
ቀኑ ጋ ስትደርስ ድምጿን ዝግ አደረገች። «እስከ ጃንዋሪ 30።»
«የእኔ የጃንዋሪ መርፌ 29 ነው» አለ ታዲየስ። «ትወስጂኛለሽ?»
«እወስድሃለሁ።»
«ከዚያስ በኋላ?»
«እናራዝማለን።»
ሣጥኑን አብረን ተሸክመን ወረድን። ከሣጥኑ ውስጥ የከበደው ያ ማጉያ መስታወት ነው፤ ጣዪው አለኝ፣ አልጣልኩትም። ቅዳሜ ቤቱ እሄዳለሁ። ጋዜጣ ላነብለት፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር።