ኡካ ወይስ ኖፓ

ኅዳር 6 ቀን 1975፣ መቱ

ዛሬም ዘነበ። ጠዋት የአንድ ቡና ነጋዴ ስልክ ጠገንኩ። ሽቦው ውሃ ገብቶበት ነበር፤ አድርቄ ቀጠልኩት። ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም። ቤት ገባሁ። የምሳ ሳህኔ እንደተቀመጠ ነው። ማን ያነሳዋል?

ትብለጥ ኖፓ ለማስተማር ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷ። ተጋብተን አብረን የኖርነው ሰባት ወር ብቻ። "ለአንድ ዓመት ነው" ብለውን ነበር... ክረምቱንም ለመሠረተ ትምህርት ብለው እዚያው አስቀሯት። ደብዳቤዋ በቡና መኪና ይመጣል። አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል።

ኅዳር 9

አለቃዬ ጋሼ ቀጀላ አስጠሩኝ።

"ወልደሰንበት፣ አንድ የስልክ ማዞሪያ ተፈቅዶልናል። አንድ ብቻ። ወይ ለኡካ፣ ወይ ለኖፓ። ሁለቱንም እይና የት እንደሚተከል፣ የትኛው ዓይነት እንደሚሻል ጻፍ። እኔ እፈርማለሁ።"

ሚስቴ የት እንዳለች ያውቃሉ። ሲናገሩ ግን ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነበር።

ኖፓ! በየቀኑ ድምጿን እሰማለሁ ማለት ነው። በየቀኑ...

ኅዳር 14፣ ኖፓ

ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር። ስደርስ ክፍል ውስጥ ነበረች። በመስኮት አየኋት፤ የጠመኔ ብናኝ ፀጉሯ ላይ አርፏል። ከስታለች። ተማሪዎቹ ቀድመው አዩኝና ሳቁ።

"ምን እግር ጣለህ?"

"ለስልክ ነው የመጣሁት።"

"ለኖፓ ስልክ?" ዓይኗ በራ። "በል እንግዲህ፣ ከሥራ ስወጣ እደውልልሃለሁ። ልጆቹ ያሉትን ሁሉ እነግርሃለሁ። ዝም ብለህ ትሰማኛለህ።"

"ገና አልተወሰነም" አልኳት። ስለ ኡካ ግን አልነገርኳትም። ለምን?

ስልክ እንፈልጋለን ያሉት ሦስት ናቸው፦ ትምህርት ቤቱ፣ የገበሬ ማኅበሩ፣ አንድ ሱቅ። ከተማውን ሁለቴ ዞርኩት። "ስልክ አትፈልጉም?" እያልኩ እንደ ለማኝ በር ለበር... ያው ሦስት።

ኅዳር 21፣ ኡካ

አሥራ አንድ ጠያቂ። ባለሱቁ ወልደ የሱስ ስማቸውን መዝግቦ ጠበቀኝ። ጉራጌ ነው፤ ኦሮምኛውን ከአገሬው አስበልጦ ይናገራል። "የቡና ዋጋ ለመጠየቅ መቱ ሰው እንልካለን፤ እሱ እስኪመለስ ዋጋው ሌላ ነው" አለኝ።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ዱሬቲ ትባላለች። ብዙ አላወራችም። በር ላይ የተደገፈ ቃሬዛ አሳየችኝ። ባለፈው ወር አንዲት ወላድ በዚህ ተሸክመዋት ሲወጡ መንገድ ላይ ሕይወቷ አለፈ። የሚያደርሳት መኪና መቱ ቆሞ ነበር። ግን ማን ይንገረው?

"ስልኩ የት ቢሆን ይሻላል ትያለሽ?" አልኳት። ጥያቄ ነው ይኼ?

"ኢስን ቤክቱ" አለችኝ። እርስዎ ያውቃሉ።

ኅዳር 24፣ መቱ

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ቀደድኩ። "ኖፓ" ብዬ ጀመርኩ። ሦስቱን ጠያቂ አሥራ ሁለት ማድረግ ቀላል ነበር። ማን ሄዶ ይቆጥራል?

ኡካ ብዬ ጨረስኩ። በእጅ የሚዞረው ባለ አሥራ ሁለት መስመር። ባለ ሃያው ያምራል፣ ግን ያለ መብራት አይሠራም፤ ኡካ ደግሞ መብራት የለም። ቢበላሽም መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ነው። የእጁን በፒንሳ እጠግነዋለሁ።

ጋሼ ቀጀላ አነበቡት። "እርግጠኛ ነህ?"

"አዎ።" ፈረሙ።

እርግጠኛ አልነበርኩም።

ለትብለጥ ሁሉንም ጻፍኩላት። ኖፓ በእጄ እንደነበረችም።

ታኅሣሥ 19

ምሰሶ ተከላ። ጭቃ። ከትብለጥ መልስ የለም። መኪና አጥታ ነው? ወይስ...

ጥር 27፣ ኡካ

ማዞሪያው ሥራ ጀመረ። አዲሷን ኦፕሬተር ሻሽቱን አሠለጥናለሁ፤ እጇ ፈጣን ነው። ቀኑን ሙሉ የቡና ዋጋ፣ የቡና ዋጋ። ዱሬቲ እስካሁን አንዴም አልደወለች። ደግ ነው መሰለኝ።

የካቲት 2

"ጋሼ፣ ከመቱ ይፈልጉዎታል" አለች ሻሽቱ።

"ማን?"

"ሴት ናቸው።"

ትብለጥ! ትምህርት ለእረፍት ተዘግቶ ቤት ብትመጣ አጣችኝ።

"ደብዳቤዬ ደረሰሽ?"

"ደረሰኝ። ሦስቴ አነበብኩት።" መስመሩ ሲያፏጭ ይሰማኛል። "ልክ ነህ። ግን እኔ ብሆን ኖፓን እመርጥ ነበር።"

እጀታውን ይበልጥ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

"ሁለቴ 'ሚስቴን አዛውሩልኝ' ብለህ አመለከትክ። ሁለቴም እምቢ አሉህ። አንተስ? 'እኔ ልሂድ' ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?"

"ኖፓ እኮ ስልክ የለም፣ ትብለጥ። ምን እሠራለሁ?"

"እኔ አለሁ" አለች።

ሻሽቱ ትከሻዬን ነካችኝ። ወልደ የሱስ ተራ እየጠበቀ ነበር። ለቡና ዋጋ።

የካቲት 4፣ መቱ

ሥልጠናው አምስት ቀን ይቀረው ነበር። "ይሂዱ፣ ከተቸገርኩ እደውላለሁ" አለች ሻሽቱ። በቡና መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጣሁ። ትብለጥ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። "ሳህን አታጥብም እንዴ?"

የካቲት 7

ጠዋት ሸኘኋት። መኪናው ከታጠፈ በኋላም ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀጥታ ጋሼ ቀጀላ ዘንድ። ወደ ኖፓ ለመዛወር የጻፍኩትን ማመልከቻ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ኖፓ ሄደህ ምን ልትሆን?"

"የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ የሚጠግን ሰው የለውም።"

"ወፍጮ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እምቢ ቢሉህስ?"

"እንደገና አስገባለሁ።"

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገቡ። "እኔ ዘንድ ተወው፣ ላስብበት" አሉ። እምቢ አላሉም።

ቤት ገብቼ ዕቃ መለየት ጀመርኩ። የሚሄደውን ወደ በሩ፣ የሚቀረውን ወደ ግድግዳው። ግድግዳው ጋ የተቀመጠው ጥቂት ነው።