በሚስተር ቫርኒ ጆሮ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ተዋናይ ያን ሁሉ ቃል እንዴት አድርጎ ነው የሚይዘው? ዛሬም ተጠየቅኩ። የምሠራበት ቁርስ ቤት፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጡ ሴትዮ፣ ፓንኬካቸውን እንደጎረሱ። ቲያትር ተምሬ መመረቄን የሚነግራቸው አለቃዬ ነው። ሳህን በሰበርኩ ቁጥር ለደንበኛው እንደ ምክንያት ያቀርበዋል። "በመደጋገም ነው" አልኳቸው። ቅር አላቸው። ሌላ ነገር ጠብቀው ነበር መሰለኝ።

ከሰዓት ወኪሌ ደወለ። ከተፈራረምን ወዲህ ደውሎ አያውቅም።

"ሄቲ፣ ሥራ ተገኝቷል። ቲያትር። ከሊላንድ ቫርኒ ጋር።"

ደረጃ ላይ ነበርኩ። እዚያው ቁጭ አልኩ። በቴሌቪዥን እያየኋቸው ያደግኩት ሊላንድ ቫርኒ!

"ምን ሆኜ ነው የምጫወተው?"

"መጫወት አይመስለኝም። እኔም በደንብ አልገባኝም። ድምፅዋ ግልጽ ነው ወይ አሉኝ፣ ነው አልኳቸው።"

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 4

ሥራው ይሄ ነው። ሚስተር ቫርኒ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቃል አልያዝ ብሏቸዋል። ማታ ያጠኑታል፣ ጠዋት የለም። ስለዚህ ጆሯቸው ውስጥ ባቄላ የምታክል ማዳመጫ ትገባለች። እኔ ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ቁም ሳጥን በምታክል ባለመስታወት ክፍል ተቀምጬ የእሳቸውን ቃለ ተውኔት በማይክ ቀድሜ አነባለሁ። እሳቸው ተከትለው ይናገራሉ። ተመልካች አያውቅም። ለማንም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ።

ያስፈረመችኝ የመድረክ አስተባባሪዋ በርኒስ ናት። ስትናገር ዓይኗን ከሰው ላይ አትነቅልም።

"ከቀደምሽው ይንተባተባል። ከዘገየሽበት ይቆማል። መሃሉን ፈልጊ።"

"መሃሉ ምን ያህል ነው?"

"ስታበላሺው ታውቂዋለሽ።"

ሚናው ደግሞ ትልቁ ነው። ቤቱ ሊፈርስ የተወሰነበት፣ አልወጣም ያለ አባት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመድረክ አይወርድም። ልታስወጣው የመጣችው ሴት ልጁ እንኳን ሁለት ጊዜ ወጥታ ትገባለች።

በቃ። በተመረቅኩ በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ ዋናውን ሚና አገኘሁ። ተመልካቼ አንድ ጆሮ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

እማዬ ከቶሌዶ ደወለች።

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትጫወቺው?"

"መናገር አልችልም እማ። ፈርሜያለሁ።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ራቁትሽን ነው?"

"ኧረ አይደለም!"

"ከሆነ ንገሪኝ። አባትሽን ቀስ ብዬ አዘጋጀዋለሁ።"

"ማንም አያየኝም እኮ ነው የምልሽ።"

"እንደሱ አትበይ የኔ ልጅ። ቀስ በቀስ ያዩሻል።"

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ልምምድ። በተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል አባትየው ስለ ሟች ሚስቱ የሚያወራበት ቦታ አለ። ጥሩ አድርጌ ያነበብኩት መስሎኝ ነበር። ሚስተር ቫርኒ ቆሙ፣ ወደ መስታወቱ ቀና አሉ።

"እያለቀስሽ ነው እንዴ?"

"ቦታው... የሚያስለቅስ ነው ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። የማለቅሰው ግን እኔ ነኝ። አንቺ እንደ ባቡር ውስጥ ማስታወቂያ አንብቢልኝ። ቀጣዩ ጣቢያ ሃምሳኛ መንገድ። ሚስቴ የሞተችው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ሊዘጋ ስለሆነ ጠጋ ይበሉ። ገባሽ?"

ሁሉም ሳቀ። በርኒስ ብቻ አልሳቀችም፣ ማስታወሻ ያዘች።

አራት ዓመት ሙሉ ስሜት ማስገባት ተማርኩ። ዛሬ ማውጣት ጀመርኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 20

ከልምምድ በኋላ ሚስተር ቫርኒን እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ አንዲት ሴት "ዶክተር!" ብላ ጮኸች። አሥራ አንድ ዓመት በቴሌቪዥን ሐኪም ሆነው ሠርተዋል። ሴትዮዋ እጅጌዋን ሰብስባ ሽፍታ አሳየቻቸው።

"ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ይሻላል" አሏት።

"መጣሁ እኮ!"

አይተው ቅባት ነገሯት። ተከታታይ ድራማው ውስጥ የሚያዙት ቅባት ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ይድን ነበር።

ሥራቸውን እንዴት እንደጀመሩ ጠየቅኳቸው። እየተራመዱ ነገሩኝ። "ከቡፋሎ የመጣሁት ባንቺ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ጦር ተሸካሚ ሆኜ ጥግ ላይ ቆምኩ። ቀጥሎ ጦረኞቹን የማዘው ሆንኩ። ከዚያ ለፊልም ካሊፎርኒያ ጠሩኝ። እዚያ ስንት ጊዜ ሞትኩ፣ ስንት ሰው ላይ ፈረድኩ... ከዚያ ነጭ ጋውን አለበሱኝና ሳላወልቀው አረጀሁ።"

"ታዲያ ለምን ወደ ቲያትር ተመለሱ?"

"ካሜራ ፊት ቃል ቢጠፋሽ ይደግሙታል። ለእኔም ደጋገሙልኝ። አንድ ቀን ግን ሁሉም ሰው ድንገት በጣም ደግ ሆነልኝ። መብራት የሚሸከመው ሳይቀር። ያኔ ገባኝ።"

ትንሽ ሄድን።

"ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ዲሴምበር ላይ መጋረጃው እስኪዘጋ ቆሜ ልጨርሰው። ሌላ አልፈልግም።"

"ይጨርሱታል" አልኩ። እንደ ማስታወቂያ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 28

ትናንት ተከፈተ። አንድም ቃል አልጠፋም። ጋዜጣው "ቫርኒ እያንዳንዱን ቃል ገና አሁን እንደሰማው አድርጎ ይናገራል" ብሎ ጻፈ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 1

አስነጠሰኝ። ማይኩ ክፍት ነበር። ሚስተር ቫርኒ መድረክ መሃል ቆመው "ይማርሽ" አሉ። ሴት ልጃቸው ሆና የምትጫወተው ኪት አላስነጠሳትም።

"ያኑርህ አባዬ" አለች።

ሰው በሳቅ ሞተ። የተውኔቱ አዘጋጅ ወደደው። ከነገ ጀምሮ ኪት ታስነጥሳለች።

እሑድ፣ ኖቬምበር 5

አበላሸሁት።

መጨረሻው ላይ ነው። አባትየው የሚስቱን ካፖርት ታቅፎ ተቀምጧል። ቤቱን ለመልቀቅ የሚስማማባት የመጨረሻዋ ቃል "በሩን ክፈችው" ናት። ሁሌ ወዲያው ይሏታል። ዛሬ ዝም አሉ። ረሱ ብዬ "በሩን ክፈችው" አልኳቸው። ዝም። ደገምኩ፣ ጮክ አልኩ። ፊታቸው ተኮማተረ። ከዚያ ባቡር እንዳመለጠው ሰው ሆነው አሉት። መጋረጃ።

ልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው ሄድኩ።

"ያ ዝምታ የኔ ነበር" አሉ።

"የጠፋብዎት መስሎኝ..."

"አልጠፋብኝም። ከዚህ ሁሉ ቃል በራሴ የያዝኩት አንድ እሱን ነው። ስንት ቀን ደከምኩበት። ዛሬ ልጠቀምበት ብዬ ነበር።"

አዘጋጁ ኮሪደሩ ላይ ለበርኒስ "አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከሆነ ተጠባባቂው ተዋናይ በሱ ቦታ ይገባል" ይላታል። ጣልቃ ገብቼ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት።

"አንቺ ማን ነሽ?" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 7

ሚስተር ቫርኒ መላ አመጡ። ቃል ሲጠፋቸው ቀኝ እጃቸውን ከካፖርቱ አውጥተው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ያደርጋሉ።

"ካላደረግኩ ዝም በይ። ሰማይ ቢገለበጥ ዝም በይ።"

"በርኒስ ብትቆጣስ?"

"ከሰማይ አትበልጥም።"

እርግጠኛ አይደለሁም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 10

ዝም አሉ። ዝም አልኩ። ከዚያ በራሳቸው አሉት... ፊት ወንበር ላይ የነበረ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ይሄን ነው የተማርኩት ለካ!

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14

ለማስታወቂያ ተፈተንኩ። የወለል ማጽጃ። "ወለሉን አይተሽ ደስ ይበልሽ" አሉኝ። ደስ አለኝ። "ድምፅሽ ውስጥ ምንም የለም" አሉ። የሥራ ላይ ጉዳት ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 18

ሳልቀመጥ ነው የምጽፈው፣ ካልተነበበ ይቅር።

ያው ቦታ። ካፖርቱ ጭናቸው ላይ፣ እጃቸው ካፖርቱ ውስጥ። ዝም አሉ። ዝም አልኩ። ቆየ... ከሌላው ቀን በላይ ቆየ። በርኒስ በጆሮ ማዳመጫዬ መጣች።

"ስጪው።"

"እጃቸው አልወጣም።"

"ሄቲ፣ ስጪው!"

"የራሳቸው ዝምታ ነው።"

"ነግሬሻለሁ፣ ትባረሪያለሽ!"

አልሰጠሁም። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳን ጠፋ። ኪት አባቷን አየችው፣ አየችው... በመጨረሻ ማንም ሳይነግራት ሄዳ በሩን ከፈተችው። ሚስተር ቫርኒ በሩን አዩት። እንደማያውቁት በር። ተነሱና ወጡ።

መጋረጃው ሲወርድ ሰው ሁሉ ቆሟል። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም። በርኒስ ክፍሌ ድረስ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። "ትባረሪያለሽ ያልኩሽን ተይው" አለች።

ሮጬ ሄድኩ። "እንዴት ቻሉት ሚስተር ቫርኒ? እኔ እኮ መስታወቱን ልሰብረው ነበር!"

ካፖርቱን ቀስ ብለው እያጣጠፉ ነበር።

"ቀጥሎ ምን ነበር?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ቃሉ።"

"...በሩን ክፈችው።"

"አዎ። እሱ ነው።"

"ታዲያ ምልክቱስ? እጅዎን ለምን..."

"የምን ምልክት?"

እሑድ፣ ኖቬምበር 19

ቃሉም ምልክቱም እንደጠፋቸው ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰው ስለዚያ ዝምታ እየጻፈ ነው። አንዱ "የሃምሳ ዓመት ጥበብ" ብሎታል። ብናገር ተጠባባቂው ይገባል፤ እሳቸው እንዳሰቡት አይጨርሱም። ባልናገር... ሌላ ቀን ኪት በሩን ባትከፍተውስ? እዚያ ተቀምጠው ቢቀሩስ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ?

እንዳልናገር ፈርሜ የለ? ፈርሜያለሁ። ለዚህ ግን አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 21

መናገር አላስፈለገኝም። ሚስተር ቫርኒ ከዝግጅቱ በፊት ሁላችንንም መድረኩ ላይ ሰበሰቡን።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ሆኜ እንጀራዬን በልቻለሁ" አሉ። "ቅዳሜ ግን ማንም አልነበርኩም። አባትየውም፣ ራሴም። እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ከዚያ በላይ መጠበቅ ስግብግብነት ነው።"

አዘጋጁ እግሩን አየ። ኪት አቀፈቻቸው። ለተጠባባቂው "ካፖርቱ ይከብዳል፣ በግራህ ያዘው" አሉት። በርኒስ "ሰዓት ደርሷል፣ ሁላችሁም ወደ ቦታችሁ" ብላ ጮኸችና ሄዳ መጋረጃው ውስጥ አለቀሰች። እግሯ ይታይ ነበር።

እኔ ጋ ሲደርሱ ባቄላዋን ከጆሯቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ። ትሞቃለች።

"ጥሩ ድምፅ አለሽ" አሉኝ። "ለአንድ ሰው ብቻ አይቅር።"

ተጠባባቂው ቃሉን በሙሉ ያውቃል። ሥራ ፈታሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 3

ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱ ስሜን ፈለጉት፣ አላገኙትም። "ግቢ፣ ግቢ" አሉኝ በደስታ። መደርደሪያው ሙሉ የድሮ ተውኔት ነው። ሻይ ሳፈላ አንዱን አውጥተው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። በቆምኩበት ቀረሁ። ወረቀት ሲይዙ ምንም አይጎድልባቸውም! አንድም ቃል። ንጉሡ ንጉሥ ነው፣ ሎሌው ሎሌ ነው። ገጹን ሲገልጡ እንኳን ያስፈራሉ።

ታዲያ በቃል መያዝ ግዴታ ነው ያለው ማን ነው?

እሑድ፣ ዲሴምበር 10

ሐሳቤን ቁርስ ቤት ለሚሠሩት ነገርኩ፣ ለኪት ነገርኩ፣ ለወኪሌም ነገርኩ ("ክፍያ አለው?" አለ። የለውም። "እንግዲያው አልሰማሁም" አለ)። ለእማዬ ደግሞ ልጅቷን ሆኜ እንደማነብ፣ ልብስ ለብሼ እንደሆነ ነገርኳት። አውቶቡስ ልትይዝ ነው።

አሁን የላክሁት መልእክት ይሄ ነው፦

ሚስተር ቫርኒ፣ ሄቲ ነኝ፣ ባለ ድምፅዋ። ሰኞ ቲያትር ቤቶች ሁሉ ዝግ ስለሆኑ አመሻሽ ላይ እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ሥራ ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። ቁጭ ብለን፣ ወረቀት ይዘን፣ ጮክ ብለን እናነባለን። በቃል መያዝ ክልክል ነው፣ የያዘ ይባረራል። አባት የሚሆን ሰው አጥተናል። ልጅቷ እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊትዎ እቀመጣለሁ። ሾርባ አለ። ሊፍት የለም፣ ደረጃው ላይ እያረፍን እንወጣለን። ከረሱት ግድ የለም፣ ጠዋት ደግሜ እጽፍልዎታለሁ። አሁን ግን ይመልሱልኝ፤ ይመጣሉ?