የጣሪያው ገንቦ

መጋቢት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ 1 ሰ.

ድመት አልዘፈዝፍም። ይህ ይታረም። የጅቡቲው ሠፈራችን ካርቲየ 3 የሚያወራው ሐሰት ነው። ጣሪያዬ ላይ ባለው ገንቦ ውስጥ ያለው ሰርዲንና ጨው ነው፤ ሦስት እጅ ዓሣ፣ አንድ እጅ ጨው፣ የአሥራ አንድ ወር ፀሐይ። ሟቹ ባለቤቴ ሙሴ ባኦ፣ በአገሩ በቬትናም እንደሚደረገው፣ አርባ ዓመት እዚሁ ሲጥለው ኖሯል። ኑክማም ይባላል፤ ምግብ ላይ ጠብ የሚደረግ የዓሣ ውሃ ነው። ይሸታል፤ አልክድም።

ወሬውን የነገረችኝ ባለሱቋ ሐዋ ናት፣ እየሳቀች። ከማን እንደሰማች አልተናገረችም። የምጠረጥረው ጽጌን ነው፤ ታች ክፍል የተከራየችውን የድሬዳዋ ልጅ። ጣሪያ ላይ ልብስ የምታሰጣ እሷ ብቻ ናት።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ጎድሏል። ሁለት ጣት። ትነት አይደለም፤ የክዳኑ ቋጠሮ የእኔ አይደለም። እኔ የማስረው በልጅነቴ መነኮሳቱ ትምህርት ቤት በአለንጋ ያስተማሩኝን ነው። ይህ የጥድፊያ ቋጠሮ ነው።

ውሃ ጨምራበት ይሆን? መቅመስ አልችልም። ሁዳዴ ነው። ዓሣ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበልም።

ከተበላሸ የምጠይቀው ሰው የለም። ባኦ በዓይኑ ነበር የሚለካው፤ ይህ ያለ እሱ የጣልኩት የመጀመሪያው ነው። ከድሬዳዋ ስመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የቤቴ ምግብ የእሱ ምግብ ነው። ጧት ጧት የሚሠራልኝ የሩዝ ፓስታ ሾርባ፣ ፎ፣ ቀረ። ቅጠላ ቅጠሉ ጅቡቲ አይገኝም። የቀረኝ ገንቦው ነው። ባኦ ከሞተ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።

ማታ፦ ጽጌ እንደ ወትሮዋ ሽሮ አመጣች። ጨርሼ ደገምኩ። ምን አገባሽበት አልኳት። ነጭ ሽንኩርት አለች፣ መሬት መሬት እያየች። ይመዝገብ፦ መሬት እያየች።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ክዳኑ ላይ ጥቁር ክር አስሬ ነበር። ተበጥሷል። ሌባዋ እዚሁ ቤት ናት። ሽሮው ዛሬም ጥሩ ነው። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ወፍሬአለሁ መሰለኝ፤ ቀሚሴ ያዘኝ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ያዝኳት። ከተሰጣው ልብስ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ። በሻይ ብርጭቆ ቀዳች። ለማን እንደምትሸጠው ጠየቅኳት።

«ማን ይገዛኛል፣ እማማ? ለእርስዎ ሽሮ ነው።»

በጾሙ መጀመሪያ ሦስት ቀን ሳህኑን እንዳለ መልሼላት ኖሯል። በአራተኛው አንድ ማንኪያ ጠብ አደረገችበት። ሳህኑ ተጠርጎ ወረደ። የድመቱ ወሬስ? የእሷ ነው። የሠፈሩ ሰው ሽታው ምንድን ነው እያለ ሊወጣና ሊያይ ነበር አለች። «ድመት ነው ካልኳቸው ማን ይነካብዎታል?»

ጾሜን አስገደፍሽኝ አልኳት።

«እርስዎ አላወቁ። ኃጢአቱ የኔ ነው።»

ደብተሬ ሆይ፣ አላወቅኩም ብዬ ልጽፍብሽ ነበር። አርባ ዓመት የበላሁትን ምላሴ አይስተውም። ከመጀመሪያው ጉርሻ አውቄአለሁ። ነጭ ሽንኩርት ስትለኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጣት ጎደለ፣ ክር ተበጠሰ እያልኩ እሷን ስሰልል የከረምኩትም እኔ።

ነገ እሑድ። መጀመሪያ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ፦ አውቄ በላሁ፤ ልጅቷ የለችበትም። ከዚያ ጽጌን ቋጠሮውን አስተምራታለሁ፤ እስከ ፋሲካ ገንቦውን የሚጠብቀው የእሷ እጅ ይሁን። ምሳ፣ ሽሮዋን ባዶውን እበላለሁ፤ ሳህኑን እጨርሳለሁ።

ሐዋ ስለ ድመቱ ከጠየቀችኝ ዝም።