ተቀምጦ የሚለካ ሱሪ፦ የእትዬ መርፌ የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ ይህን የምጽፈው እኔ ታናሻቸው ነኝ። ፊደሉን ከቤታችን ጀርባ ካለው ትምህርት ቤት፣ ሙያውን ከእናታችን ተማሩ። ምላሳቸው ስለት ስለነበረው ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላቸው ነበር፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተወግቻለሁ።

በሃያ አራት ዓመታቸው በደረሰባቸው የመኪና አደጋ እግሮቻቸው መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ሁለት ዓመት ከቤት አልወጡም። አንድ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ የስፌት መኪናቸውን በእጅ እንዲዞር አድርገው ሠሩላቸው። ከዚያም ዘይት ልቀባው እያሉ በየሳምንቱ ሲመላለሱ ቆይተው ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

በሠላሳ አምስት ዓመታቸው፣ እንደ እርሳቸው አዲስ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ሆስፒታል እየሄዱ ማበረታታት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ወጣት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እንባው አንጀታቸውን ስለበላው፣ እንደተኛ ለክተው የቆመ ሰው ሱሪ ሰፉለት፤ «ቆመህ ትለብሰዋለህ» አሉት። እንደማይቆም ግን ሐኪሙ ነግሯቸው ነበር። ሾፌሩ ሱሪውን ምስማር ላይ ሰቅሎ ዓመት ሙሉ ጠበቀ፤ ተሽከርካሪ ወንበሩንም እምቢ አለ።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ቤቱ ሄደው እውነቱን ነገሩት፤ ይቅርታም ጠየቁ። አስወጣቸው። ስምንት ሐሙስ ተመላለሱ። በዘጠነኛው ሱሪውን ወረወረላቸው። እዚያው ፈትተው፣ መቀመጫውን እንዳያቆስለው የኋላ ኪሱን አንስተው፣ ለተቀመጠ ሰው መልሰው ሰፉት። ከዚያ ወዲህ ለሃያ አራት ዓመት ሆስፒታል የሚያገኙትን ሰው ሁሉ አስቀምጠው ይለኩት ነበር። ትድናለህ የሚል ቃልም ከአፋቸው አልወጣም።

ባለፈው ዓመት በካንሰር ታመሙ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ትድኚያለሽ እያልን ዋሸናቸው፤ ዋናዋ ዋሾ እኔ ነበርኩ። እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሾፌሩ ያንኑ ሱሪ ለብሶ መጣ፤ ወንበሩን ወደ አልጋቸው አስጠግቶ፣ «እትዬ፣ አይነሱም። እኔ ግን ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ» አላቸው። ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱና አለቀሱ። የስፌት መኪናቸው ለማን እንደሚሰጥ የነገሩን፣ ከእኔም ጋር የቆየ ቅያሜያችንን የፈታነው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት አረፉ። ሾፌሩ በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ መጣ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን እህት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው የተመቸ ማረፊያ ይስጥልን። ቶሎ እንጽናናለን ብዬ ግን አልዋሽም፤ እትዬ አይወዱም።