የማረሻ ቤቱ ወራሽ

«ለጠይቡ በቅል ስጡት፤ ከሰው ብርጭቆ እንዳይደባለቅ።»

ይህን የተናገረው ልጄ ይታገሱ ነው። የተናገረው ባለፈው ነሐሴ ፳፬ ቀን፣ በእናቴ በወይዘሮ ንግሥቴ ተዝካር፣ በገዛ ግቢዬ በተጣለው ዳስ ውስጥ ነው። የተነገረበትም ሰው እንዳለው የሚባል ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ብረት የቀጠቀጠ ባለሙያ። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ በመጀመሪያ ያስጻፍሁት ከዚህ በታች ለምወስነው ሁሉ ምክንያቱ እሱ ስለሆነ ነው።

እኔ ገነነ ዘሩ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሆነ፣ የፍኖተ ሰላም ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ እሑድ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ ተኝቼ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ኑዛዜ አስጽፋለሁ። የታመመው ጉበቴ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልመከረኝም። ጸሐፊው መምህር ተስፋው የምለውን እንጂ የሚያምርለትን እንዳይጽፍ አስጠንቅቄዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቀብሬ። ፍትሐቱ እንደ ሥርዓቱ ይሁን፤ የተዝካር ድግስ ግን አይደገስልኝ። ሰው እየተመረጠ ዕቃ የሚለይበት ድግስ ለነፍሴ አይጠቅማትም። የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረሰንበት «አቶ ገነነ፣ በሕመም ላይ ሆነው እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩ፤ ይቅር፣ አይጻፍ» ብለውኛል። እኔም «አባ፣ ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ዝም እንዳሉ ዛሬም ዝም ይበሉልኝ» ብያቸዋለሁ። ሁለታችንም ያልነው ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ መኖሪያ ቤቱ የባለቤቴ የወይዘሮ ያይኔአበባ ነው። ግማሹ በሕግ የራሷ ነው፤ የእኔን ግማሽ ሰጥቻታለሁ። ማረሻ በምንቀጠቅጥበት በማረሻ ቤቱ ላይ የነበራትን ድርሻ በዚህ ለውጣ ለእኔ ትታልኛለች፤ በፊርማዋም ታረጋግጣለች። እሷ በሕይወት ሳለች ቤቱ ይሸጥ የሚል ልጅ ቢነሣ ልጄ አይባል።

አሁን ወደ ማረሻ ቤቱ እመጣለሁ።

የግብርና ምህንድስና ተምሬ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሳሞቅ ኖርሁ። በ፲፱፻፹፱ ዓ.ም. መሬቱ ሲሸነሸን ቆሜ አየሁ። አባቴ ያረሰው ማሳ ተቆራርጦ ለአንድ ጎጆ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ያን ጊዜ ከእንግዲህ ለልጅ የሚተርፈው ሙያ እንጂ ማሳ አይደለም ብዬ ቆረጥሁ። በሁለተኛው ዓመት ሥራዬን ለቅቄ ቡሬ መውጫ ላይ ወናፍ ሲነፋ ያገኘሁትን እንዳለውን ይዤ መጣሁ። እኔ ልኬቱን፣ እሱ እሳቱን ይዘን ማረሻ፣ ማጭድ፣ ኋላም በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ሠራን። ዘመዶቼ «ገነነ ዲግሪውን ከሰል አደረገው» ብለው ሳቁ። ይሳቁ።

እንዳለው ቅዱስ ሰው አይደለም። ቅዳሜ አረቄ ከቀመሰ ሰኞ አይገኝም። ምላሱም እንደ ጉጠቱ ነው። አንድ ጊዜ ልኬቱ ተሳስቷል ብዬ ብቆጣው «አንቱ ሰውዬ፣ ብረት በእርሳስ ይግላል እንዴ?» ብሎኝ ሳምንት ተኳርፈናል። ነገር ግን ሥራውን አንድም ቀን ለሌላ አሳልፎ አልሰጠም፤ እኔም አላታለልሁትም። አንድ ሥራ የሚሰነብተው በዚህ ነው።

ማረሻ ቤቱን የሚይዝ ሰው ይህን ይስማ። ማረሻ ከመኪና ባሌስትራ እንጂ ከግንብ ፌሮ አይሠራ። ሰብሮ የመለሰ ገበሬ ያለ ክርክር ሌላ ይውሰድ። ይህን የማደርገው ለጽድቅ አይደለም፤ በሰኔ ማረሻው የከዳው ገበሬ ስምህን በየገበያው ያነሣዋል፣ የካስኸው ግን ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። በክረምት ገዢ ጠፋ ተብሎ ሠራተኛ አይበተን፤ መፈልፈያው የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ የሚጀምር ሰው በቆሎው ተፈልፍሎ ያገኘዋል። ወደ ዋናው መንገድ ወጥታችሁም ባለ መስተዋት ሱቅ አትክፈቱ።

ይታገሱ ማኔጅመንት ተምሮ መጣ። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዘላቂነት የሚል ወረቀት አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። አልተቃወምሁም፤ ወረቀት እሳት እስካላጠፋ ድረስ ይለጠፍ አልሁ። በኋላ ግን እሳቱን የያዘውን ሰው በአንድ ቃል አባረረው።

የሆነው እንዲህ ነው። የልጄ እጮኛ ዘመዶች ዳሱ ውስጥ ነበሩ። እንዳለው ገብቶ ከእኔ አጠገብ ሲቀመጥ አንገታቸውን መለሱ። ይታገሱ ይህን አይቶ በላይ ያስጻፍሁትን ቃል ለአሳላፊዋ ተናገረ። እንዳለው ቅሉን ተቀበለ፤ ጠላውን ግን አልቀመሰውም። «የኔ ጌታ» አለው ልጄን፣ «ቅሉስ ይሁን። ብርጭቋችሁን የሞላው ገብስ በማን ማረሻ ታረሰ?» ቅሉን መሬት ላይ አኑሮ ወጣ። በማግሥቱ ጉጠቱንና መዶሻውን ይዞ ቡሬ ወደ እኅቱ ሄደ።

ልጄን ጠርቼ ጠየቅሁት። «አባባ፣ አማቾቼ እያዩ ምን ላድርግ? ነገ ዘራቸው ይጣራልን ቢሉስ?» አለኝ።

«ይጣራ» አልሁት። «ባለ እጅ ከተገኘበት እኮራለሁ።»

ለእንዳለው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። «ሽማግሌ አልሰደበኝም፤ የሰደበኝ ይምጣ» ብሎ መለሳቸው። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ የወናፉን ቆዳ አይጥ በልቶታል። መፈልፈያ የሚሹ ገበሬዎች ከደምበጫ ሳይቀር በጋሪ መጥተው በሩን አንኳኩተው ይመለሳሉ። እኔ ተኝቼ የሚሄዱትን እሰማለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። የማረሻ ቤቱ ግማሽ የእንዳለው ነው። ይህ ስጦታ አይደለም፣ የድካሙ ነው። ቢመለስም ባይመለስም፣ ይቅር ቢልም ባይልም ድርሻው ድርሻው ነው።

ሌላው ግማሽ የይታገሱ የሚሆነው ራሱ ቡሬ ድረስ ሄዶ፣ በእንዳለው ቤተ ሰዎች ፊት በአፉ ይቅርታ ጠይቆ፣ ከማዕዳቸው በልቶ፣ ከዚያም ሁለት ዓመት በእንዳለው ሥር ወናፍ ነፍቶ ሲሠራ ነው። እንቢ ካለ ያ ግማሽ የእኅቱ የውዳሴ ይሁን። እሷ ከሰል አትጸየፍም፣ ከሰልም እሷን አይጸየፋትም።

ባለቤቴ በዚህ ላይ «አንቱ፣ ለሰው ልጅ ብለው የራስዎን ልጅ ያዋርዳሉ?» ብላለች። «አዎን ያይኔ፣ የሰው ልጅ ነው። ልጅሽ የረሳው ይህንኑ ነው» ብያታለሁ። እያለቀሰች ነው፤ ይህም ይጻፍ።

ልጄን ከውርስ አልነቀልሁትም። በገጠር ያለው ባሕር ዛፌ ያለ ምንም ግዴታ የእሱ ነው። ከፈለገ ይሽጠውና ለአማቾቹ ይደግስበት።

ይህ ኑዛዜ በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ፣ ያልሁት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ገነነ ዘሩ (ፊርማ)

የተስማማች ባለቤት፦ ወይዘሮ ያይኔአበባ (የጣት አሻራ)

እኛ ምስክሮች ተናዛዡ በሙሉ አእምሮው ሲናገር ሰምተን፣ ሲነበብ አዳምጠን፣ እሱም እኛም በአንድነት ፈርመናል።

ቄስ ገብረሰንበት (ፊርማ)
አቶ ዳኘው (ፊርማ)
ወይዘሮ ወይኒቱ (የጣት አሻራ)
መምህር ተስፋው፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ይታገሱ ገነነ
ባሉበት

ይታገሱ፣ ይህን ግልባጭ ፈርመህ ትቀበላለህ። እስከ ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም. ድረስ «እሄዳለሁ» ወይም «አልሄድም» ብለህ በገዛ እጅህ ጽፈህ፣ ስምህንና ቀኑን አስፍረህ፣ ለቄስ ገብረሰንበት ታስረክባለህ። «አስብበታለሁ» መልስ አይደለም። በስልክ ወይም በእናትህ በኩል የሚመጣ ቃልም አይቆጠርም። ከዚያ በፊት ብሞትም ቀኑ አይራዘምም። መልስህን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።