ዝቅ ያሉት አራት ኳሶች

ወላይታ ሶዶ
ግንቦት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣ ለአጎቴ ልጅ፣

ከሶዶ የተነሳው ሰላምታዬ ቢጠና ድረስ መጥቶ በደህና ያግኝሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ? ሕፃኑስ? ነጋዴዋ ጎረቤታችን ፈጠነች በቆሎ ልትገዛ ወደ እናንተ ገበያ ሄዳ በተመለሰች ቁጥር የምታወራኝ ስለ እሱ ነው። ጥርስ ሊያበቅል ነው አለችኝ፤ የያዘውን አይለቅም አለችኝ። ባለቤትሽ ዳልጮስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጤናዬ ምንም አልሆንኩም። ማትሪክ ለመፈተን ሦስት ሳምንት ቀርቶናል።

ይህን ደብዳቤ ከትናንት ወዲያ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ትንሽ እጽፍና እነሳለሁ፤ ግቢውን እዞራለሁ፤ ደግሞ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አከራያችን እትዬ ትርፌ አይተውኝ «ምነው ልጄ፣ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጪው? ፈተናው ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ፈተናው ነው አልኳቸው። አሁን ግን ሳልነሳ ልጨርሰው።

ያንን የቮሊቦል ምርጫ መቼም አትረሺውም። በእኔ በኩል የነበረውን ግን አልነገርኩሽም።

ነገሩ የጀመረው አምና፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ በጊፋታ በዓል አገር ቤት የሄድን ጊዜ ነው። አባትሽ፣ አጎቴ አንጁሎ፣ ከአባቴ ጋር ተቀምጠው ያሉትን ሁለታችንም በር ላይ ቆመን ሰምተናል። «ከቢጠና የመጡት ሰዎች ልጅቷን ለዳልጮ ስጠን ብለው ይዘውኛል። እኔ መማሯን አልጠላሁም። ግን ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ይፈልጋታል? ወይስ እዚያ ቤት ተከራይታ ጎዳሬ ቀቅላ ስትበላ ነው የምትከርመው? ትፈለጋለች የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ካመጣች ሽማግሌዎቹን ቆዩ እላቸዋለሁ» አሉ። አባትሽን ታውቂያቸዋለሽ። ማህተም ያለበት ወረቀት ከመጣላቸው ተነስተው ቆመው ነው የሚያስነብቡት።

ወደ ሶዶ ስንመለስ አይሱዙ ላይ ጆንያችን ላይ ተቀምጠን ዘዴውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ሚልክያስ ለቡድኑ ለሚመርጣቸው ልጆች ሐዋሳ ለሚደረገው ውድድር ወላጅ እንዲፈቅድ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ደግሞ ማህተም አለው። እንዴት ሳቅን በዚያን ቀን! ከዚያ ወዲያ ከትምህርት በኋላ ያልተለማመድንበት ቀን የለም።

ያንቺን ኳስ እኔ አውቀዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እናንተ ግቢ በሁለቱ አቮካዶዎች መካከል ገመድ ወጥረን አንቺ ረጅሟ ትመቻለሽ፣ እኔ አጭሯ አነሳልሻለሁ። ኳሱ ከፍ ማለት አለበት፤ ከመረቡም ትንሽ መራቅ አለበት፤ ምክንያቱም አንቺ ዘግየት ብለሽ ነው የምትዘይው። ዝቅ ካለብሽ ምንም ማድረግ አትችይም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የምርጫው ቀን ግማሽ ትምህርት ቤቱ ሜዳውን ከቦ ቆሞ ነበር። እኛ ከቀሚሳችን ስር ቱታ ለብሰን፣ ያንቺ ሸራ ጫማ አውራ ጣትሽ ጋ ተቀድዶ። ቲቸር ሚልክያስ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ከአስረኛ ክፍል አስራ አንድ ልጆች ይዣለሁ፤ ከዘጠነኛ የምወስደው አንድ ብቻ ነው» አለ። አንቺ እጄን ጨበጥ አደረግሽኝ። እኔ ግን «አንድ ብቻ» የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

የመጀመሪያውን ኳስ በትክክል ነው ያነሳሁልሽ፤ ጌታ ምስክሬ ነው። ዘለሽ መታሽው። መሬት ነጥሮ አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ወደቀ። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ቲቸር ሚልክያስ «ማን ናት ይቺ ረጅም?» ብሎ ጠይቆ ስምሽን ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ኳሱን ማን አነሳላት ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ልቤ የተበላሸው እዚያች ላይ ነው። ሰው ሁለታችንን ሲያይ የሚያየው አንቺን ነው። መንገድ ላይ ቁመትሽን፣ ጸሎት ቤት ድምፅሽን። እኔ «የእሷ አጎት ልጅ» ነኝ። ማን ወደ ቤት ትመለሳለች፣ ማን እዚህ ትቀራለች ብዬ አላሰብኩም ብልሽ እዋሻለሁ። አስቤያለሁ። አባትሽ ያሉትን እያወቅኩ ነው ሁለተኛውን ኳስ ዝቅ አድርጌ፣ መረቡ ላይ አስጠግቼ የሰጠሁሽ።

መረቡ ውስጥ ገባ። «አይዞሽ» አልኩሽ። አዎ፣ አይዞሽ ብዬሻለሁ። ሌላውንም እንደዚያው አደረግኩት። ሌላውንም። በወዲያኛው በኩል ለምትመታው ለአስረኛ ክፍሏ ለሶፊ ግን አሳምሬ ነበር የማነሳላት። አራተኛው ዝቅ ያለ ኳስ መረቡ ውስጥ ሲቀር ዞር ብለሽ አየሽኝ። አልተቆጣሽም። አየሽኝ ብቻ። ወዲያው ቲቸር ሚልክያስ «የዚችን የአጭሯን እጅ ተመልከቱ!» ሲል ሰማሁ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅሽም፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ «ዛሬ እጄን አሞኝ ነበር» አልሽኝ። እኔም ያንን ቃል ይዤ አልለቀቅኩትም። ጓደኞቻችን ሲጠይቁኝ እጇን አሟት ነው አልኩ። ስሜ ተለጥፎ፣ በሳምንቱ አባትሽ መጥተው ፍራሽሽን ጠቅልለው ሲጭኑም ለእሳቸው እጇን አሟት ነው አልኳቸው። ማህተም ያለበት ወረቀት ለአባቴ ደረሰ። አባትሽ እኛ ቤት መጥተው ያንን ወረቀት በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ መልሰው ሰጡት አሉ።

ጥር ላይ ልምምድ አለብኝ ብዬ ከሠርግሽ ቀረሁ። ልምምድ አልነበረኝም። ሐዋሳ ሄድን፣ ሁለት ጊዜ ተሸንፈን አንድ ጊዜ አሸነፍን። ባለፈው ኅዳር ኦቶና ሆስፒታል ስትወልጂ ደግሞ የሕፃን ሹራብ ገዝቼ በሩ ድረስ መጥቼ ነበር። ዘበኛው ማንን ነው የምትጠይቂው ሲለኝ ዞሬ ተመለስኩ። ሹራቡ አሁን የሚጠበው ይመስለኛል።

እስከ ባለፈው ሐሙስ ድረስ እንዲሁ እኖር ነበር። ሐሙስ ዕለት ቲቸር ሚልክያስ ለሚመጣው ዓመት ቡድን ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሊመርጥ ፈልጎ ኳስ እንዳነሳላቸው ጠራኝ። አስራ አራት ልጆች ነበሩ። ለእያንዳንዷ እንደ ቁመቷ፣ እንደ አዘላለሏ አነሳሁላት። ሲያልቅ ኳሶቹን እየሰበሰብን ሳለ ቀና ሳይል «ዛሬ ለሁሉም እኩል አነሳሽ» አለኝ።

እሱ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ያን ጊዜ በማግስቱ የአጎትሽን ልጅ ቢሮ ጠርቻት ነበር። የመጀመሪያውን ኳስ አይቻለሁ፣ የቀሩትንም አይቻለሁ አልኳት። ሌላ ልጅ እያነሳችልሽ እንደገና ልይሽ ብላት እምቢ አለችኝ። የእህቴ ኳስ ጥሩ ነበር፣ እኔ ነኝ እጄን ያመመኝ፣ እሷን ውሰዳት አለችኝ።» አንተስ አመንካት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የኳሱን ከረጢት አፍ አስሮ ትከሻው ላይ አደረገና ሄደ።

እህቴ፣ በዚያው እሱ ቢሮ በጠራሽ ቀን፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለስን፣ ከቦኖው ውሃ ቀድተሽ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን በቀኝ እጅሽ አንጠልጥለሽ ዳገቱን ወጥተሻል። እኔ ባዶ እጄን ከኋላሽ ነበርኩ።

ቅዳሜ በማለዳ ወደ አገር ቤት፣ ወደ በዴሳ ተሳፈርኩ። አጎቴ አንጁሎ የግቢውን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። በአማርኛ የጻፍኩልሽን ሁሉ በወላይትኛ ነገርኳቸው፤ በቋንቋችን ሲነገር ይበልጥ ይከብዳል። መጥረቢያውን መሬት አስቀምጠው ሰሙኝ። «እንግዲህ ያ ወረቀት ወደ እኔ ነው መምጣት የነበረበት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አልመቱኝም፣ አልረገሙኝም። ብመታ ይሻለኝ ነበር። «እኔም እጇን ያመማትን ልጅ ፍራሽ ጠቅልዬ ነው የወሰድኩት። ድናለች ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም» አሉ። ከዚያ ያቋረጠች ተማሪ መልሰው ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር።

ትናንት የትምህርት ቤቱ ሬኮርድ ኦፊስ ሄጄ ጠየቅኩ። ዘጠነኛ ክፍልን እንደገና ለመጀመር በመስከረም የስምንተኛ ክፍል ካርድሽን ይዘሽ መመዝገብ ትችያለሽ። እናትሽ በዚያው ቅዳሜ ሕፃኑን እኔ እይዘዋለሁ ብለዋል። አባትሽ የፊታችን ቅዳሜ ዳልጮን ሊያነጋግሩ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ዳልጮ ምን እንደሚል አላውቅም። አንቺም ትፈልጊው እንደሆነ አላውቅም። አሁንም ሳልጠይቅሽ ነው ያደረግኩት፤ ካልፈለግሽ ለአባትሽ እምቢ በያቸው፤ ማንም አይቆጣሽም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልኝ ፈጠነች መኪናው ሊሞላ ነው እያለች በር ላይ ቆማ ታጣድፈኛለች። ይቅር በዪኝ ብዬ በደብዳቤ አልጽፍልሽም፤ በወረቀት ሲሆን ቀላል ነው። ቅዳሜ ከአባትሽ ጋር አብሬ እመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ብትናደጂም፣ ብታለቅሺም፣ ይህን ወረቀት ብታቃጥዪውም ያንቺ ነው። ለዳልጮ ግን ቀድመሽ እንዳትነግሪው። አንቺ ከነገርሽው ደግሞ ጥፋቱን ወደ ራስሽ ታዞሪዋለሽ። እኔ በራሴ አፍ ልንገረው።

ጌታ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፤ ልጅሽን በጥበብና በቁመት ያሳድግልሽ፤ ላንቺም ያጣሽውን ዓመት እጥፍ አድርጎ ይመልስልሽ። ለአማትሽ ሰላም በያቸው። ሕፃኑን ግንባሩን ሳሚልኝ።

የአጎትሽ ልጅ፣
እህትሽ